ፎቶዬ ሆሳዕና ቀድሞኝ የገባ ዕለት

የገዛ ፎቶግራፋችሁን ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ጅብ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል፣ ዳኛም ይፈራል። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከምንም በላይ የፈራሁት የራሴን ፊት ነበር። ፊቴ ቀድሞኝ አገሬ ገብቶ፣ እኔ በአውቶቡስ ተከትዬው የሄድኩበትን ቀን ነው የማጫውታችሁ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። አባቴ አቶ ላቴቦ በሆሳዕና ከተማ የታወቀ አናጢ ነበር። የጸሎት ቤታችንን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው እሱ ነው። ከአማኞች መካከል ሰው ሲሞትም የሬሳ ሣጥኑን ያለ ዋጋ የሚሠራው እሱ ነው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ እየኖረች ቤታችን የምትመላለሰው እህቱ፣ አክስቴ በየነች ናት። አድጌ ትምህርት ሲገፋ አባቴ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ላከኝ፤ አስተማሪ ሆኜ እንድመለስለት።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በዘፈን ግን አይደራደርም። ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ነበረች፣ የምትከፈተው ለዜና ብቻ ነው። ዜና አንባቢው የመጨረሻዋን ቃል ጨርሶ ሙዚቃው ሊገባ ሲል አባቴ መላጊያውን አስቀምጦ ይሮጥና ቁልፏን ጠምዝዞ ይዘጋታል። ደርሶ ሳይዘጋት ከቀረ ደግሞ ከውጭ ሆኖ "ዝጉት!" ይላል። "ዝጉት!" የምትለው ቃል በልጅነቴ ከስሜ እኩል የሰማኋት ቃል ናት።

የጎረቤታችን ልጅ አንድ ሰርግ ላይ ስትዘፍን ታይታ፣ አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ጊምቢቹ ለሚኖር ሚስቱ ለሞተችበት ነጋዴ ዳራት። ብዙ ያለቀስኩላት ጓደኛዬ ናት። አባቴ ያኔ ምን አለ? "ደግ አደረገ። የኔም ብትሆን የማደርገው ይህንኑ ነው" አለ። ይቺን አባባል ይዤ ነው አዲስ አበባ የሄድኩት።

እዚያ ግን ድምፄ አላስቀመጠኝም። ከአጎቴ ግቢ ጎን አንድ ጊታር ተጫዋች ይኖር ነበር። መዝሙር ሳንጎራጉር ሰማኝ፤ ከሙዚቃ ቤት ሰዎች ጋር አገናኘኝ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተደበቅሁ ስለማመድ ነገሩ አድጎ አንድ ትልቅ ሸክላ ሞላ። ዛሬ አልበም የምትሉት ነው። የመጀመሪያው እትም ምንም አላመጣብኝም። ልባሱ፣ ማለትም የሸክላው ሽፋን፣ ተራ ወረቀት፣ ስሜም "ወጣት ጥሩወርቅ" የሚል የውሸት ስም ነበር። ጥሩወርቅን ማን ያውቃታል? ሸክላው ተሸጦ አለቀ፤ እኔም ዘፍኜ እንዳልዘፈንኩ ሆኜ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ችግሩ የመጣው ሸክላው እንደገና ሲታተም ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሙዚቃ ቤቱ መስኮት ውስጥ ራሴን አየሁት። "ለማስታወሻ ነው" ብለው ያነሱኝ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ልባሱ ላይ ወጥቷል። ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር ከቦታል። ከሥሩ ደግሞ በደማቁ "ማርታ ላቴቦ" ይላል። የራሴ ስም ብቻ ቢሆን ምናለ፣ የአባቴም ስም አለበት!

ሮጬ ገባሁ። "ምነው እንዲህ አደረጋችሁኝ?" አልኩ።

የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ደስ ብሎት ሳቀ። "ሕዝቡ ማን እንደሆንሽ ይወቅሽ እንጂ! ደግሞ ለአገርሽ ሰዎች ቀድመን ነው የላክንላቸው። ሆሳዕና አቶ ሽኩር ሱቅ ባለፈው ሳምንት ደርሷል።"

አቶ ሽኩር የጉራጌ ነጋዴ ነው። ሱቁ የገበያው መግቢያ ላይ ነበር፤ ከጨው እስከ ባትሪ ይሸጣል። በገበያ ቀን የሸክላ ማጫወቻውን ድምፅ ማጉያ ላይ ሰክቶ አገሩን ያናውጠዋል። አባቴ ሚስማር የሚገዛው ከእሱ ሱቅ ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታሰበኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ አባቴ ሳያይ ደርሼ፣ አቶ ሽኩር እግር ላይ ወድቄ፣ ሸክላዎቹን አስነስቼ መመለስ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር "ይኸኔ አይቶታል፣ ይኸኔ ሰምቶታል" እላለሁ። ጓደኛዬ የተዳረችለትን የጊምቢቹ ነጋዴ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ ግን መንገዱን ሙሉ ሲያሳድደኝ ዋለ።

ሆሳዕና የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የገበያ ቀን ስላልነበረ መንገዱ ጭር ብሏል። በቀጥታ ወደ አቶ ሽኩር ሱቅ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። በሩ ላይ አንድ ሚስማር ብቻ ቀርታለች፤ ከሥሯ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ይታያል። የሆነ ነገር ተሰቅሎ ነበር፤ ተነስቷል።

ከጎኑ ሻይ የምትሸጥ፣ የማላውቃት ሴት ነበረች። ሻይ አስቀዳሁና "ባለሱቁ የት ሄዱ?" አልኳት።

"ለቅሶ ሄደዋል።"

ለቅሶው አላሳሰበኝም፤ እኔ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። "እዚህ ተሰቅሎ የነበረው የሸክላ ፎቶስ?"

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠችና አተኩራ አየችኝ። "የልጅቷ አባት ወሰዱት" አለች።

ነጠላዬን ይበልጥ ወደ ፊቴ ሳብኩ። "ተቆጥተው ነበር?"

"ኧረ ምን ይቆጣሉ። በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውት ሄዱ። አንዲት ቃል አልተናገሩም።"

አባቴን ስለማውቀው፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ሲቆጣ ይናገርና ያልፍለታል። ዝም ካለ ግን ቆርጧል ማለት ነው።

"አንቺ ዘመድ ነሽ እንዴ?" አለችኝ ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ድንገት ለስልሶ።

"አዎ፣ ዘመድ ነኝ።"

"አይ እንግዲህ..." አለችና ፊቷን ወደ ምድጃዋ አዞረች። ከዚያ በኋላ ብለምናትም አልመለሰችልኝም፤ የጠጣሁትን ሻይ ዋጋ እንኳ አልቀበልም አለች።

ወደ አውቶቡሱ ተመልሼ ላመልጥ አሰብኩ። እግሬ ግን ወደ ጋሪዎቹ ሄደ። ጋሪ ነጂው ከሌሞ ወደ ከተማ ሰው የሚያመላልስ፣ ከልጅነቴ የማውቀው አቶ ሃንዲሶ ነበር። ፊቴን ሸፍኜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አናጢው ዘንድ አድርሱኝ" አልኩት።

"አቶ ላቴቦ ቤት?" አለና ፈረሱን ሳይመታ ቆየ። "ዛሬ የጫንኩት ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሄደው። ውጪ፣ እናቴ።"

ትንሽ እንደሄድን አላስቻለኝም። "ሰው ለምንድነው የሚሄደው? አቶ ላቴቦ ምን ሆኑ?"

"አልሰማሽም?" አለ። ወደኔ ዞር ብሎ "ዝምድና አለሽ?" ሲል ጠየቀኝ።

"አለኝ።"

"እንግዲያው ከኔ አትሰሚም። ቤቱ ስትደርሺ፣ ሰው እጅሽን ይዞ ይነግርሻል። እኔ እንዴት አድርጌ ለዘመድ በጋሪ ላይ መርዶ እነግራለሁ?"

መርዶ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። የበራልኝ መሰለኝ ማለቴ ነው። አባቴ ፎቶዬን አቅፎ ሄደ። ዝም ብሎ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ልቡ አልቻለም፤ ሞተ። እኔ ነኝ የገደልኩት። ጊምቢቹ ቀረ፣ ትምህርት ቀረ፣ ሁሉም ከልቤ ወጣ። "አምላኬ ሆይ፣ አባቴን ብቻ አቆይልኝ፤ የዳረኝን አገባለሁ፣ ጊምቢቹም ቢሆን እሄዳለሁ" እያልኩ ነጠላዬን ነከስኩ።

አቶ ሃንዲሶ ማልቀሴን ሲሰማ ፈረሱን ቀስ እንዲል አደረገው። "አይዞሽ" አለኝ። "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ።"

ከእንሰቱ ጥግ ወረድኩ። ከዚያ ጀምሮ ግቢያችን ይታያል። ደጁ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ወንዶች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ የሴቶች ዋይታ ይሰማል። ከዋይታው መሃል የአክስቴን የበየነችን ድምፅ ለየሁት። "ወንድሜ" ትል እንደሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ፣ ግን ቃሉ አልያዝ አለኝ።

ያኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ከቤቱ ጎን፣ ከአናጢነት መጠለያው፣ መላጊያ ሳንቃ ላይ ሲሄድ። ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር። ያን አገፋፍ የማላውቅ መስሏችኋል? በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁት። አባቴ ነው! አባቴ አለ!

ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል አልቆየም። ለቅሶ አለ። አባቴ ሣጥን እየሠራ ነው። እሱ ካልሞተ፣ አክስቴም እያለቀሰች ከሆነ፣ ሣጥኑ የማን ነው? ከቤታችን የቀረ ሰው በሐሳቤ ቆጠርኩ፤ ከኔ በስተቀር ማንም አልጎደለም። ይህን ሳስብ የተሰማኝን ፍርሃት ዛሬም ቃል አላገኘሁለትም። ምናልባት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተገልብጦ፣ እኔ ሞቼ፣ ሳላውቀው የምሄድ መሰለኝ። እጄን ቆነጠጥኩ፤ አመመኝ፤ ግን እሱም አላጽናናኝም።

በእንሰቱ ውስጥ ውስጡን ተደብቄ ወደ መጠለያው ተጠጋሁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ለብዙ ዘመን ደብቆ ያስቀመጠው የዋንዛ ሳንቃ ተጋድሟል። ያንን ሳንቃ አውቀዋለሁ፤ "ይህ የማርታ ነው፤ ስታገባ የልብስ ሣጥን እሠራላታለሁ" ብሎ ማንንም አያስነካም ነበር። ከግድግዳው ላይ፣ መጋዙ ከሚሰቀልበት አጠገብ፣ በጥቁር መስመር የተከበበው ፎቶዬ ቆሟል። በዘንቢል ሙሉ የመላጊያ ፍቅፋቂ ላይ ደግሞ አንድ ቀጭን እንጨት አየሁ። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር የበሩ መቃን ላይ ቁመቴን በቢላ ምልክት ያደርግ ነበር። ያ እንጨት የመጨረሻው ምልክት ልክ ነበር፤ ለሣጥኑ የለካኝ በእሱ ነው።

"አባባ" አልኩ።

መላጊያው ቆመ። አልዞረም።

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

ጭንቅላቱን ወደ ዳሱ ቀና አድርጎ፣ በዚያ በማውቀው ድምፅ ጮኸ። "ሽኩር! ዝጉት! ስለ እግዚአብሔር ዝጉት፣ አልቻልኩም!"

ሸክላው የተከፈተ መስሎት ነበር።

ከዳሱ አቶ ሽኩር ብድግ ብሎ "ኧረ አልከፈትንም፣ አቶ ላቴቦ፤ ማጫወቻው ሱቅ ነው ያለው" አለ። አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። ነጠላዬን ከፊቴ ገፈፍኩ። አየኝ። ወደ ፎቶው አየ። እንደገና ወደኔ አየ። ፍቅፋቂ የሞላበት እጁን ዘርግቶ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ትከሻዬን ዳሰሰ። ከዚያ ያቺን ቀጭን እንጨት አንስቶ ከጎኔ አቆማት። ትንሽ በልጫታለሁ። "አድገሻል" አለኝ በሀዲይኛ፣ እና ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ የሆነውን ጩኸት አትጠይቁኝ። አክስቴ በየነች ስታየኝ መጀመሪያ ሸሸች፤ ቀጥሎ መጥታ አንገቴን ልታንቀኝ ደረሰች፤ በመጨረሻ "አንቺ መዓተኛ!" ብላ መታችኝና አቅፋኝ አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። አክስቴ ቅዳሜ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ መጣች። በኛ አገር ያን ጊዜ የሰው ፎቶ ጎልቶ ደጅ ላይ የሚሰቀል ለለቅሶ ነው፤ ጥቁር ዙሪያ ካለው ደግሞ ምን ይጠየቃል? እሱ ሳያንስ ከሱቁ ውስጥ ድምፄ ይሰማል። ጊታር ተጫዋቹ ለአንዲት ሙሽራ ብሎ የገጠመው ዘፈን ነው፤

ተሻግሬአለሁ በሉት፣ አይጠብቀኝ አባቴ፣
ማዶ ነው ከእንግዲህ መግቢያ መኖሪያ ቤቴ።

እሷ ይህን ሰምታ ምን ትበል? ቅቤዋን ጥላ ወደቀች። ዘመዶች ደረሱ። ለቅሶ አንዴ ከተነሳ በኋላ "ቆይ፣ እውነት ነው ወይ?" የሚል ሰው አንጀት የሌለው ይባላል። አቶ ሽኩር መጀመሪያ "ኧረ ሸክላ ነው፣ ለሽያጭ ነው" ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ሲያለቅስ ሲያይ ግን እሱም "ለካ ፎቶዋን በጥቁር የከበቡት ለዚህ ነው!" ብሎ አብሮ አለቀሰ። ለአባቴ ማን በገበያ ይነግረዋል? ሽማግሌዎች ጥቂት ቀን ደብቀውት መክረው፣ እኔ አውቶቡስ በተሳፈርኩባት ማለዳ መርዶውን ነገሩት። ለአጎቴ እንዲደውል ሰው ስልክ ቤት ልከው መስመሩ እምቢ ብሏቸው ነበር። አባቴም ሬሳዬ እስኪመጣ እጁን አጥፎ መቀመጥ አልቻለም፤ ከሱቁ ፎቶዬን አምጥቶ መላጊያውን አነሳ።

አሁን ፍርሃቱ ያለቀ መሰላችሁ? እኔም መስሎኝ ነበር። ሰው ተረጋግቶ ጸሎት ተደርጎ "አሜን" ሲባል ግን የጸሎት ቤታችን ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ክፋት አልነበራቸውም።

"ጌታ ይመስገን፣ ልጃችን በሕይወት አለች" አሉ። "ነገር ግን ወንድም ላቴቦ፣ ይህ ነገር እንዳለ አይታለፍም። ይህ ዘፈን ነው። በስምህ የወጣ ዘፈን ነው። ሌሎችን የገሠጽንበት ነው። ምን ትላለህ?"

ያ ሁሉ ሰው አባቴን ያያል። እኔ አባቴን ሳይሆን የሸክላውን ልባስ ነበር የማየው። ከጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ይቀደዋል ብዬ ጠበቅሁ። ጊምቢቹ ተመልሶ መጣብኝ።

አባቴ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። ፍቅፋቂውን ከልባሱ ላይ አራግፎ ነው አፉን የከፈተው።

"ዛሬ ጠዋት ከሄዳችሁልኝ በኋላ ጸለይኩ" አለ። "'ጌታ ሆይ፣ ድምፅዋን አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም' አልኩት። አሰማኝ። እንግዲህ ተመልሼ 'የተናገረችው ቃል ደስ አላለኝም' ልበለው?"

እሱም ቀጠለ። "ሥርዓቱን አውቃለሁ። ሽማግሌነቱን ዛሬ አስረክባችኋለሁ፤ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ወንበሩንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አይቆረቁረኝም። ልጄን ግን አታንሱብኝ። እኔ ዛሬ አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብራትም።"

ታላቁ ሽማግሌ አቀረቀሩ። አክስቴ በየነች ብቻ "እሰይ" አለች በሹክሹክታ፣ ግን አገር የሚሰማው ሹክሹክታ ነበር።

እንዳለውም ለብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ በኋላ ራሳቸው ለምነው መለሱት። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ አስተማሪም ሆንኩ፤ ዘፈንኩም። አባቴ ዘፈኖቼን ወደዳቸው ብዬ አልዋሻችሁም። ሬዲዮዋ ከዜና በኋላ እንደ ድሮው ትዘጋለች። ነገር ግን አክስቴ እንደነገረችኝ፣ የኔ ድምፅ ከመጣ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ይቆያል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ "ደህና ናት" ይልና ይዘጋታል።

አንባቢዎቼ፣ እኔ በዚያ መንገድ ሁሉ አባቴ የሚያደርገኝን እያሰብኩ ስንቀጠቀጥ፣ እሱ እኔን አጥቶ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የሚያስፈራችሁ ሰው ካለ፣ እሱን ምን እንደሚያስፈራው አንድ ቀን ብትጠይቁት ክፉ አይደለም። ለማወቅ እንደኔ መሞት አያስፈልጋችሁም።

የዋንዛው ሳንቃስ? አባቴ የተቆረጠ እንጨት አይጥልም። በዚያው ሳምንት የልብስ ሣጥን ሠርቶ ሰጠኝ። ለልብስ ሣጥን ከልክ በላይ ረጅም ነው፤ ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ "ይህ ምን ያህል ልብስ ሊይዝ ነው?" ይለኛል። በቁመቴ ልክ የተቆረጠ መሆኑን አልነግራቸውም። ሸክላዎቼን የማስቀምጠው በእሱ ውስጥ ነው።